ተራ ቤት ቅርስ የሚሆነው መቼ ነው?

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ሀንፎርድ ቪሌጅ የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ከጦርነቱ ለተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ተብሎ የተሠራ ነው። በ1960ዎቹ አውራ ጎዳናው (አይ-70) ሰንጥቆት አለፈ፤ ብዙ ቤቶችም ፈረሱ። የተረፉት ዛሬ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፍረዋል። ሄጄ ሳያቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይን የሚሞላ ነገር አጣሁባቸው፤ ተራ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ለመዝገብ ያበቃቸው የነዋሪዎቻቸው ታሪክ ነው።

እኛስ በ2024 ፒያሳ ሲፈርስ ለምን አለቀስን? ለአርመንና ለህንድ ግንበኞች ሥራ፣ ለመኳንንቱ ሰገነት። እኔም ከአልቃሾቹ አንዱ ነበርኩ። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ልጅ አሳድጋ፣ ልጅ ድራ፣ ለቅሶ ያስተናገደችውን የጭቃ ቤት ግን በዝርዝሬ አላስገባኋትም። ስንቴ ቡና ጠጥቼባታለሁ፤ ፎቶዋ እንኳ የለኝም።