የመጀመሪያው ሰዓት በማን እጅ ነው?

እናቶች ከወሊድ በኋላ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበትን ጊዜ ስለሚወስኑ ጉዳዮች በአገራችን የታተሙት ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ የእናትየዋን ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የእርግዝና ክትትልና የወለደችበትን ቦታ ይመዘግቡና እናቶች ይማሩ ወደሚል ማሳሰቢያ ያመራሉ። ማሳሰቢያው ተገቢ ቢሆንም የቆመበት ማስረጃ ሊፈተሽ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2005 69 በመቶ፣ በ2011 52 በመቶ፣ በ2016 73 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 72 በመቶ ነበሩ። በጤና ተቋም መውለድ ግን በእነዚሁ ዓመታት ከ5 ወደ 10፣ ወደ 26፣ ከዚያም ወደ 48 በመቶ ያለማቋረጥ አድጓል። ከ2016 እስከ 2019 የተቋም ወሊድ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በጊዜ ማጥባት ባለበት ቆሟል። ስለዚህ «በተቋም መውለድ» የሚለው ተለዋዋጭ ብቻውን ብዙ አያስረዳም።

መለኪያውም ያሳስባል። ጥያቄው የሚቀርበው ከወለዱ እስከ ሁለት ዓመት ለሆናቸው እናቶች ነው። በሽንዲ ዙሪያ ገጠር በሌሊት የወለደች እናት «ወዲያው አጠባሁ» ብትል፣ ወዲያው ማለት እንግዴ ልጁ ከወጣና ሕፃኑ ከታጠበ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቅጹ ግን ከአንድ ሰዓት በታች ብሎ ይመዘግበዋል። (ሕፃኑ አስቀድሞ ቅቤ ቀምሶ እንደሆነ የሚጠየቀው ለብቻው ነው።)

ከሁሉ የሚከፋው በእኛ በባለሙያዎቹ እጅ ያለው ነገር የእናትየዋ ጠባይ ሆኖ መቆጠሩ ነው። ከሽንዲ በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተልካ በቀዶ ጥገና የምትገላገል እናት በወገብ ማደንዘዣ ከሆነ ነቅታ ትገኛለች፤ ደኅና ከሆነችና ሕፃኑም ካልታመመ እዚያው ደረቷ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ልጁ ከውጭ በአያቱ እቅፍ የሚቆይ ከሆነ ያዘገየው የክፍሉ አሠራር ነው፤ ጥናቱ ግን «በቀዶ ጥገና መውለድ» ብሎ ያልፈዋል። በምጥ በተወለደውም ሕፃን ላይ ሚዛን፣ ቫይታሚን ኬና የዓይን ቅባት ጡቱን ይቀድማሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2018 ያሻሻሉት የአሥሩ እርምጃዎች መመሪያ ግን ሕፃኑ እንደተወለደ ከእናቱ ገላ ጋር ሳይቋረጥ እንዲቆይ ያዛል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2006 በታተመው የገጠር ጋና ጥናት ከመጀመሪያው ቀን በኋላ መጥባት የጀመሩ ሕፃናት የመሞት ዕድል ቀድመው ከጀመሩት 2.4 እጥፍ ነበር።

ቀጣዩ አጥኚ መጠይቁን ይዞ ከቤት ወደ ቤት ከሚዞር፣ ሰዓት ይዞ ማዋለጃ ክፍል ቢቆም ይሻላል፦ ሕፃኑ ስንት ሰዓት ተወለደ፣ መቼ ደረቷ ላይ ዋለ፣ ማን አነሣው፣ ለምንስ ተነሣ?