ጣርማ በር ላይ አሞራ መጠበቅ

ጣርማ በር ድረስ ወጥቶ ወፍ የሚያይ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለአንዲት ትንሽ ወፍ ነው። የአንኮበር ሰሪን ትባላለች። ቡናማና ዝንጉርጉር ናት፤ ላላወቃት ድንቢጥ ትመስላለች። ለሳይንስ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ በኋላ በሰሜን ተራሮችም ታይታለች። እንግዳው ከገደሉ አፋፍ ላይ እህል ስትለቅም ያገኛታል፣ ደብተሩ ላይ ያሰፍራታል፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ መኪናው ይመለሳል።

ሸንተረሩ ሥራ የሚጀምረው ግን ያኔ ነው።

ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ አዙሯል። የጠዋት ፀሐይ ቋጥኙን ስታሞቀው አየሩም ይሞቅና ዳገቱን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ትልልቅ አሞሮች ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ መሄድ ጉልበት ይጨርስባቸዋል፤ ስለዚህ ይህን አየር ይጠብቃሉ። ባሕር ላይ እንዲህ የሚያነሳቸው አየር ስለማያገኙ የሚሻገሩት በጠባቡ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ጂቡቲ ውስጥ፣ ባብ ኤል መንደብ ዳርቻ የተቀመጡ ቆጣሪዎች ከዓረብ ምድር የተሻገሩ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞሮች መዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ከእስያ ሣራማ ሜዳዎች የሚመጡት የስቴፕ ንስሮች ብዙ ነበሩ። በጥቅምት ጣርማ በር ላይ ቀና ብሎ መጠበቅ ትርጉም የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ቀና ማለት ብቻ ግን አይበቃም። የወፍ መለያ መጻሕፍት በራሪ አሞራን በብዛት የሚሥሉት ከሥር ሆኖ እንደሚታይ አድርገው ነው፤ እዚህ አፋፍ ላይ ግን አሞራው ከተመልካቹ እግር በታች ያልፋል፣ የሚታየውም ጀርባው ነው። ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የለመደ ዓይን ደግሞ በዚሁ ይጠቀማል። ኦገር የሚባለው ጭልፊት ነፋሱ ላይ ባለበት ተንጠልጥሎ አይጥ ሲፈልግ፣ ዝገት የመሰለው አጭር ጅራቱ ከላይ ሲታይ ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ጺማሙ አሞራ ደግሞ ገና ከሩቅ፣ ቀለሙ ሳይለይ፣ በረጅም ክንፉና በሾጣጣ ጅራቱ ይታወቃል። ቅርጽና አበራረር ይቅደም፣ ቀለም ይከተል፤ የዚህ ሙያ ግማሹ ይኸው ነው።

ሌላው ግማሽ ከታች፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ነው፤ እዚያ ባይኖኩላር ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ጥዱና ዝግባው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይኖረው ግራጫው ካትበርድ ወንድና ሴቱ እየተቀባበሉ ስለሚዘምሩ አንድ ወፍ የጮኸ ይመስላል፤ ድምፁን ይዞ ሁለት መፈለግ ነው። ጆሮም ቢሆን ይታለላል። ሮቢን ቻት የተባለው ወፍ የሌሎችን ዜማ አስመስሎ ስለሚያወጣ፣ ዘፋኙ ሳይታይ ስሙን መጻፍ ድፍረት ነው።

አንዳንድ አስጎብኚዎች ይህን ሁሉ ጣጣ በስልክ ይገላገሉታል፤ የተቀዳ ዜማ ይለቃሉ፣ ወፉም ክልሉን የወረረ ባላንጣ መጣ ብሎ ምግቡን ትቶ ይወጣል። በጎጆ ወቅት ይህ ግልጽ በደል ነው። ደግሞም አያስፈልግም። ፍሬው የበሰለ ዛፍ መርጦ ከሥሩ የቆመ ሰው አረንጓዴው ቱራኮ ለፍሬው ሲመጣ ያገኘዋል፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲሻገር ክንፉ ውስጥ የተደበቀው ቀይ ቦግ ይላል፣ ያን ጊዜ ባይኖኩላር ለማንሳት ጊዜ አለ።