በየችሎታው የሚታደለው የእንግሊዝኛ መልመጃ

በዛሬው ጊዜ ብዙ የእንግሊዝኛ አስተማሮች በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚሠሩ የመልመጃ ወረቀቶችን ለደካማው፣ ለመካከለኛውና ለብርቱው ተማሪ እየለዩ ያዘጋጃሉ። እንደ ላይቭወርክሺትስ ያሉት ድረ ገጾች የአስተማሪውን ወረቀት ተቀብለው፣ ተማሪው በዚያው ላይ እንዲመልስ፣ ድምፅ እንዲያዳምጥና ውጤቱን ወዲያው እንዲያይ ያደርጋሉ። አስተማሪው ከእርማት ድካም ያርፋል፤ ተማሪውም ስሕተቱን በጊዜው ያውቃል። ይህ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ በአከፋፈሉ ላይ የሚነቀፍ ነገር እናገኛለን።

ለአብነት ያህል ያለፈውን ጊዜ ግሥ የሚያስተምር መልመጃ እንውሰድ። ብርቱው ትናንት ያደረገውን በአንድ አንቀጽ እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ መካከለኛው በባዶ ቦታ ግሥ ያገባል፤ ደካማው ግን «ጎ» እና «ዌንት» ከሚሉት ቃላት አንዱን ይመርጣል። እንዲህ ያለው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲመርጥ ከርሞ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ከራሱ ሳያወጣ ክፍሉን ይጨርሳል። ሥራው ቀለለት ሲባል ትምህርቱ ተቀነሰበት።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመሣሪያው ጠባይ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት የተጻፈውን መልስ የሚያርመው አስቀድሞ ከተመዘገበለት ጋር ፊደል በፊደል እያስተያየ ነው። «ዲድ ኖት» ብቻ ተመዝግቦ ከሆነ «ዲድንት» ብሎ የጻፈው ተማሪ ትክክል ሳለ ተሳስተሃል ይባላል። አንቀጽማ ከቶ አይታረምም። ስለዚህ አስተማሪው ሳያስበው መሣሪያው ሊያርም የሚችለውን ብቻ ወደ ማስተማር ያዘነብላል።

በዚህ ዘዴ የታወቁት አሜሪካዊት ምሁር ካሮል አን ቶምሊንሰን ያስተማሩት ግን ዋናው ግብ ለሁሉም አንድ ሆኖ፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ እንዲለያይ ነው። እንግዲህ ሦስቱም ተማሮች አንቀጹን ይጻፉ። ለደካማው የመነሻ ዓረፍተ ነገር፣ የግሦች ዝርዝርና ቃሉን የሚያሰማ ድምፅ ይሰጠው፤ ለመካከለኛው ዝርዝሩ ይበቃዋል፤ ብርቱው ያለ ድጋፍ ይሥራ። ድጋፉም በየሳምንቱ ይቀነስ። ግሡን መሣሪያው፣ አንቀጹን አስተማሪው ይረም።

ነገሩ ለአገራችን ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ክፍል መጻፍ ያልተማረ ልጅ በታሪክና በባዮሎጂ ፈተናም ያወቀውን መግለጽ ያቅተዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ነገር ግን እንቁላሉ የሚሄደው የሚያቅፈው ሲኖር ነው።