በተረኛው ኪስ የሚጮኸው ስልክ

ከፍልውኃ እስከ ካዛንቺስ ባለው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ የዘውዲቱና የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎችን ጨምሮ በርካታ የሕክምና ተቋማት ተጎራብተው ይገኛሉ። በዚያም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል «ሞባይል መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ማንበብ ለአስታማሚ እንግዳ ነገር አይደለም። አስታማሚው ስልኩን ይዘጋል። ሐኪሙ ግን ከዚያው ጽሑፍ ሥር ቆሞ፣ በራውንድ መካከል፣ ስልኩን ያነሣል። ክልከላው ለሁሉም ነው ከተባለ የሚጥሰው ሐኪሙ ነው፤ ለአስታማሚ ብቻ ነው ከተባለ ደግሞ መሣሪያን ከመጠበቅ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደ ከተማዋ ዳር ለሄደ ቤተሰብ፣ አልጋ ላይ ያለ ዘመዱን በየዕለቱ የሚጠይቅበት መንገድ ስልክ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ክልከላው ሲጀመር መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1997 የብሪታንያ የሕክምና መሣሪያዎች ተቆጣጣሪ ባደረገው ፍተሻ፣ በአንድ ሜትር ርቀት የተያዘ ሞባይል ከተፈተሹት መሣሪያዎች 4 በመቶውን ሲያውክ፣ የአስቸኳይ አገልግሎት ሠራተኞች መነጋገሪያ ሬዲዮ 41 በመቶውን አውኳል። መነጋገሪያ ሬዲዮ የሚከለክል ማስታወቂያ ግን ማን አይቶ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ በ75 የሕሙማን ክፍሎች የተደረጉ 300 ሙከራዎች አንድም ጉልህ መታወክ አላሳዩም። በዚያው ዓመት በኔዘርላንድስ በወጣ ጥናት ግን ከ61 የጽኑ ሕሙማን መሣሪያዎች 26ቱ ታውከዋል፤ መካከለኛው ርቀት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ሁለቱ የሚጋጩ ይምሰሉ እንጂ ለተግባር የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ ስልክን ከመተንፈሻ መሣሪያና ከመድኃኒት መስጫ ፓምፕ አጠገብ አለማስቀመጥ። ሕንፃውን በሙሉ መከልከል ከዚህ አይመነጭም።

የጉዳዩ ክብደት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፔጀር በምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ወገብ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲኖር በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች ሥር አልሰደደም። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ያንን ክፍተት ቀስ በቀስ ሞላው፤ የሞላው ግን በባለሙያው የግል ገንዘብና የግል ቁጥር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ሲቆይ፣ ተረኛን ያለ ወጪ ለመጥራት የቀረው ዘዴ «ሚስድ ኮል» ነበር። አንዴ ጠርቶ የተቋረጠ ስልክ ደግሞ ደም የሚፈሳት እናት ትኑር ወይም ፊርማ የጎደለው ወረቀት ይኑር አይናገርም።

ይህ የሚያስከፍለው ዋጋ በማዋለጃ ክፍል ጎልቶ ይታያል። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ነው። ማኅፀኗ አልኮማተር ካላት እናት አጠገብ የቆመች አዋላጅ፣ ኦክሲቶሲኑን ሰጥታ፣ በአንድ እጇ ማኅፀኑን እያሸች፣ በሌላው በግል ስልኳ ሲኒየሩን ትፈልጋለች። ሂሳቧ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ የሲኒየሩም ስልክ ዝግ ሊሆን ይችላል። መልስ ብታገኝም ትእዛዙ የሚሰጠው በቃል ነው፤ በሕመምተኛዋ ካርድ ላይ የሚሰፍረው በማግሥቱ ጠዋት፣ እርሱም ከተጻፈ ነው። ነገሩ ሲበላሽ በኮሚቴ ፊት «ደውዬ ነበር» እና «አልደወለችም» የሚሉ ሁለት ቃሎች ብቻ ይቀራሉ። ጥሪው በሁለት ግለሰቦች መካከል የተካሄደ ስለሆነ ተቋሙ የሚያወጣው መዝገብ የለም።

የሞባይል ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመውን የማደንዘዣ ሐኪሞች መጠይቅ ይጠቅሳሉ፤ ፔጀር ከሚጠቀሙት 45 በመቶው፣ ሞባይል ከሚጠቀሙት 31 በመቶው የመልእክት መዘግየት ገጥሟቸዋል። እውነት ነው፤ ሞባይል ይፈጥናል። የብሪታንያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጤና አገልግሎቱ የቀሩት 130,000 ያህል ፔጀሮች እስከ 2021 መጨረሻ እንዲወገዱ አዟል። ነገር ግን ፔጀር አንድ በጎ ጠባይ ነበረው፤ የተቋሙ ንብረት ስለነበር ከተረኛ ወደ ተረኛ ሊተላለፍ ይችል ነበር፤ ቁጥሩም ከሥራው እንጂ ከሰውየው ጋር አይታሰርም። ይህን ለማግኘት ፔጀር መግዛት አያስፈልግም። በየዋርዱ አንድ ርካሽ ሞባይል፣ በተቋሙ ስም የወጣ ሲም ካርድና የጥሪ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር ይበቃል።

ካሜራ ያለው ስልክ ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦታል። ኤክስሬይና ኢ.ሲ.ጂ. ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለሲኒየር መላክ ሕይወት ሊያድን ይችላል፤ የሕመምተኛው ስምና የካርድ ቁጥር ከምስሉ ጋር አብሮ ሲሄድ ግን ዋርዱን ለቅቆ የሄደው ሁሉ በኪሱ ይዞት ይዞራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። (ያው ስልክ ጓንት ባጠለቀ እጅ ተነክቶ ማታ ቤት ለሕፃን መጫወቻ መሰጠቱ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።)

በነርሶች ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት የተመለከተ ነገሩን ያለ ጥናት ይረዳዋል። የሐኪሞች የግል ቁጥሮች በእስክሪብቶ ተጽፈዋል፤ ገሚሶቹ ተሰርዘዋል። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ክፍለ ሀገር ከሄደ ሁለት ዓመት የሞላው ሐኪም ቁጥር ግን ሳይሰረዝ ቀርቷል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓትም ይደወልለታል።