ጥፋት በቅርጽ ሲሰማ፦ ሙዚቃና የምድር መጎዳት

ስለ አካባቢ ጥፋት የተሠራ ሙዚቃ ሲነሣ አብዛኛው አድማጭ ቀድሞ የሚያስታውሰው ግጥሙን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ማርቪን ጌይ ስለተበከለ አየርና ባሕር፣ በ1995 ደግሞ ማይክል ጃክሰን ስለቆሰለች ምድር ያዜሙትን ሰው የሚያነሣው በመልእክቱ ነው። ግጥም ግን ያለ ዜማም ይነበባል። ስለዚህ የሙዚቃ ሐያሲ ከዚህ አልፎ መጠየቅ አለበት፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ድምፁ ብቻውን ምን ይነግረናል? የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሙዚቃ የምድርን መጎዳት በሚገባ የሚገልጸው ለውጡ በራሱ ቅርጽ ላይ ሲደርስ ነው፤ የሐዘን ዜማ ብቻውን አይበቃም። ሙዚቃ በጊዜ ውስጥ የሚኖር ጥበብ ነው። የአየር ንብረት ለውጥም በአንድ ጀንበር አይታይም፤ የሚገለጠው በዘመናት ውስጥ ነው። የሁለቱ መገናኛ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማሳያ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዳንኤል ክሮፎርድ በ2013 በቼሎ የተጫወተው «የምትሞቀው ፕላኔታችን ዜማ» ነው። ከናሳ የምድር ሙቀት መዝገብ ተነሥቶ ከ1880 እስከ 2012 ያለውን እያንዳንዱን ዓመት አንድ ኖታ አደረገው። እጅግ ቀዝቃዛው ዓመት የቼሎውን የመጨረሻ ወፍራም ድምፅ ያዘ፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ግማሽ ቶን 0.03 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይወክላል። መጀመሪያ ላይ ቼሎው ከፍ ዝቅ እያለ ይዋልላል፤ ጆሮም የሚይዘው ፈር አያገኝም። ወደ መጨረሻዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሲጠጋ ግን ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል፤ ወደ ተነሣበት ወፍራም ድምፅም አይመለስም።

ይህን ሥራ «መረጃው ራሱ ዘመረ» ብሎ ማወደስ ግን ትክክል አይደለም። 0.03 ዲግሪን ከግማሽ ቶን ጋር ያጣመረው ሙዚቀኛው ነው። 0.3 ዲግሪ መድቦ ቢሆን ኖሮ የመቶ ሠላሳ ዓመቱ ሙቀት በጥቂት ኖታዎች መካከል ታፍኖ በቀረ ነበር። ሳይንቲስትም ግራፍ ሲሠራ ልኬቱን ይመርጣልና ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የሚያሳየው ጥበባዊ ውሳኔ ከቁጥሩ እንደማይነጠል ነው። ክሮፎርድ በ2015 ከጂኦግራፊ መምህሩ ስኮት ሴንት ጆርጅ ጋር የሠራው የአራት መሣሪያዎች ሥራ በዚህ ረገድ ይልቃል። ቼሎው የምድር ወገብን አካባቢ፣ ቪዮላው መካከለኛውን ቀጠና፣ ሁለቱ ቫዮሊኖች ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጠጋውን ክፍል ይዘዋል። የዋልታው ድምፅ ሌሎቹን ጥሎ ወደ ላይ ሲመነጠቅ፣ ሙቀቱ ለሁሉም እኩል እንዳልደረሰ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ይሰማል። አንድ ነጠላ ዜማ ይህን ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛው ማሳያ ተቃራኒውን መንገድ ይይዛል፤ የሚናገረው በመጉደል ነው። በርኒ ክራውስ የተፈጥሮ ድምፅ ቀራጭ ከመሆኑ በፊት ሙዚቀኛ ነበር። በ1988 በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች፣ ሊንከን ሜዶው በተባለ ስፍራ፣ እንጨት ቆራጮች ከመግባታቸው በፊት የደኑን ድምፅ ቀረጸ። ኩባንያው የተመረጡ ዛፎችን ብቻ ስለሚቆርጥ ጉዳት አይደርስም ተብሎ ነበር። ከዓመት በኋላ በተመሳሳይ ሁኔታ ደግሞ ቀረጸ። ፎቶግራፉ ላይ ደኑ ያው ደን ነው። በቅጂው ላይ ግን ያ ሁሉ የወፍ ዝማሬ ጠፍቶ የወንዙ ፍሰትና የአንድ ግንደ ቆርቁር ምት ቀርተዋል። ዐይን ያላየውን ጆሮ መሰከረ። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታውን የሚሰማው ቀድሞ የነበረውን ስለሚያውቅ ነው፤ የጎደለው እንዲሰማ በመጀመሪያ ሙሉው መሰማት አለበት።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የሉዶቪኮ ኤይናውዲ «ሙሾ ለአርክቲክ» ደካማ ጎኑ ጎልቶ ይታያል። ፒያኒስቱ በ2016 ከአካባቢ ተቆርቋሪው ድርጅት ከግሪንፒስ ጋር በአርክቲክ ወዳለው ስቫልባርድ ተጉዞ በግግር በረዶ ፊት፣ በተንሳፋፊ መድረክ ላይ ተጫወተው። ምስሉ ኃያል ነው። ምስሉን ብንከድነው ግን የሚቀረው ለማንኛውም ሐዘን ሊሆን የሚችል ለስላሳ ዜማ ነው፤ በረዶውን የሚያውቀው ካሜራው እንጂ ሙዚቃው አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ለብዙ ዓመታት በአላስካ የኖረው ጆን ሉተር አዳምስ የጻፈው «ውቅያኖስ ሁን» ነው። በ2013 በሲያትል ሲምፎኒ ቀርቦ በ2014 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ። ደራሲው በማስታወሻው በረዶ ቀልጦ ባሕር ሲነሣ የሰው ልጅ ወደ ወጣበት ውቅያኖስ ሊመለስ እንደሚችል ያሳስባል። አርባ ደቂቃን በሚያልፈው ሥራ ኦርኬስትራው በሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ቡድን በየራሱ ፍጥነት ይነሣል፣ ይወርዳል። ሦስቱ ማዕበሎች ሦስት ጊዜ ይገጥማሉ፤ ያኔ የትኛው መሣሪያ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። ሰው ራሱን መሐል ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም፤ የሥራው ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ሙግቴ ከመሐል በኋላ ይጀምራል። ሙዚቃው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ይመለስና በተነሣበት ያርፋል። ውቅያኖስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ የቀለጠው በረዶ ግን በእኛ ዕድሜ አይመለስም። በድንቅ ውበት የታጀበው ምልሰት ምድር የማትሰጠንን ዕረፍት ለአድማጩ ይሰጠዋል። ከዚህም በላይ የጥፋቱ ምክንያት በድምፁ ውስጥ የለም፤ በሊንከን ሜዶው ግን መጋዙ ባይሰማም በሁለቱ ቅጂዎች መካከል መኖሩን እናውቃለን።

ይህ ክርክር ለእኛም ሙዚቃ ቅርብ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል፤ ወሎ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ ክፉኛ የተጎዳ ምድር ነው። ሌላው ቅኝት፣ ትዝታ፣ የሄደን ነገር የመናፈቅ ታላቅ ጸጋ አለው። አደጋው መጥፋትን እንደ ዕጣ ፈንታ አድርጎ ማስለመዱ ነው፤ የተቆረጠ ደን ግን ቆራጭ አለው። የቅኝቶቻችን አምስት ድምፆች ሌላ ዕድል ይከፍታሉ። አንድ ቀማሪ አምባሰልን በሙሉ ድምፁ አስደምጦ፣ ቀስ በቀስ ከአምስቱ አንዱን ቢያነሣና ጨርሶ ባይመልሰው፣ በዚያ ቅኝት ያደገ ጆሮ የጎደለውን ወዲያው ያውቃል። እንዲህ ያለ ሥራ አድማጩን ከማስተከዝ አልፎ «ማን ወሰደው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። በዚህ ዘመን ስለ ምድር የሚጻፍን ሙዚቃ ልንመዝንበት የሚገባን መለኪያም ይኸው ጥያቄ ነው።