የቆጡን ለማውረድ

ጳጉሜን በገባ ቁጥር ጫግኒ ውስጥ ከቦታው ያልተነቀነቀ ዕቃ አይገኝም። አልጋው ይነሣል፤ ቡፌው ከግድግዳው ይርቃል፤ ምንጣፉ አጥር ላይ ይሰጣል፤ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ሥር ታፍኖ የከረመው ሻንጣ ሁሉ ፀሐይ ያያል። ባለፈው ጳጉሜን እናቴን ላግዝ ብዬ ከአዲስ አበባ ስሄድ በቦርሳዬ አንድ መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ የጃፓናዊቷን የማሪ ኮንዶን መጽሐፍ። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሕይወትን የሚለውጥ፣ ቤት የማሰናዳት ምትሐት» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 መባቻ ደግሞ ኔትፍሊክስ በስምንት ክፍል የቴሌቪዥን ዝግጅት አድርጎ አቀረበው። ይህን ያህል ሕዝብ ያነበበውን መጽሐፍ አሁን መሔሴ ዘግይቷል። ግን እኔም ያነበብሁት እንደ ሐያሲ ተቀምጬ አይደለም፤ መጥረጊያ ይዤ ነው።

ጫግኒን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ከእንጅባራ ብርድና ቀርከሃ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ያወርድና ከማንጎና ከቡና ጋር ያገናኛል። ሙቀቱና የክረምቱ እርጥበት ተባብረው ዕቃ ያሻግታሉ፤ ምስጡም አለ። በእንዲህ ያለ አገር ዕቃ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የተቀመጠ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ የሚያገላብጠው እጅ ይሻል፤ ያ እጅ የማን እንደሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

የኮንዶ ሐሳብ አጭር ነው። ቤትን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ አንዴ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከሥሩ ማስተካከል ነው ትላለች። ከማስቀመጥ በፊት ማስወገድ ይቀድማል። ሥራውም በክፍል በክፍል ሳይሆን በዓይነት ይካሄዳል፤ መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ መጻሕፍት፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ልዩ ልዩ ኮተት፣ በመጨረሻ የትዝታ ዕቃ። አንድ ዓይነት የሆነው ሁሉ ከያለበት ተለቅሞ ወለል ላይ ይከመራል። እያንዳንዱን በእጅዎ ያነሡና «ደስ ያሰኘኛል?» ብለው ራስዎን ይጠይቃሉ። ደስ ካላሰኘዎት አመስግነው ያሰናብቱታል። ይህን የፈጸመ ሰው ቤቱ ብቻ ሳይሆን ልቡም ይጠራል፤ ሥራውንና ኑሮውን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል ነው የምትለው።

በመጽሐፉ መሳቅ ቀላል ነው። ካልሲ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ዕረፍት አያገኝም የሚል ገጽ አለበት። ደራሲዋ ውጪ ውላ ስትገባ ቤቷን ሰላም ትላለች። እኛ ደጃፍ ቆመን «ቤቶች!» የምንለው ለሰው ነው፤ ማንም ካልመለሰልን ወደመጣንበት እንመለሳለን። ይሁንና ኮንዶ በወጣትነቷ አምስት ዓመት በሺንቶ ቤተ መቅደስ ያገለገለች ሴት ናት፤ ዕቃን ማመስገኗ ከዚያ እምነት ጋር የሚሄድ እንጂ ለገበያ የተፈጠረ አይመስለኝም። «ቤት ለእንቦሳ» እያለ የሰው ቤት የሚገባ ሕዝብም በዚህ ብዙ ሊስቅ አይገባውም። ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አይታለች። መደርደሪያና ሳጥን እየገዙ ኮተትን በሥርዓት መክተት ኮተቱን መደበቅ ነው እንጂ ማስተካከል አይደለም ትላለች። ይህን ሳነብ አዲስ አበባ ያለው የራሴ ቁም ሳጥን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

እንግዲህ በመጽሐፉ ትእዛዝ ጓዳውን አወጣነው። ስፌቱ፣ ጀሪካኑ፣ ባዶ ማዳበሪያው፣ እጀታ ያጣው ጀበና፣ ሦስት ሰፌድ፣ አንድ ትልቅ ቅል። ቅሉን አንሥቼ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማ፣ ይህ ደስ ያሰኝሻል?»

ተቀብላ አገላበጠችው። «ደስታን ከቅል ምን አገናኘው? ያፈሳል ወይ ብለህ አትጠይቅም?»

አያፈስም። ተመልሶ ተሰቀለ።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉና እናቴ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ዋሉ፤ እኔ አስተርጓሚ ነበርሁ። ቀስ እያለ የገባኝ ነገር፣ የኮንዶ ጥያቄ ከጀርባው ያልተነገረ መተማመኛ እንዳለው ነው። ዛሬ የጣሉት ነገ ቢያስፈልግ ሱቅ አለ፤ ሱቁን የሚያስከፍት ገንዘብም አለ። ጥያቄው የተወለደው ዕቃ በሞላበት፣ ቦታ በጠበበበት ከተማ ነው። ጫግኒ ውስጥ ዕቃ የሚጠየቀው «ለማን ይደርሳል?» ተብሎ ነው። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩትን ስድስት ብርጭቆዎች እናቴ በሕይወቷ ጠጥታባቸው አታውቅም። የእንግዳ ናቸው። በደስታ መለኪያ ቢመዘኑ ከቤቱ የመጀመሪያ ተሰናባቾች እነሱ በሆኑ።

ብርድ ልብሶቹን ልጥቀስ። እኔ እስከማስታውሰው ድረስ ከአልጋዋ ሥር ሰባት ስምንት ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ይኖር ነበር። በዚያ ሙቀት! ለምን እንደሚቀመጡ ጠይቀን በቂ መልስ አላገኘንም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ግድያ የሸሸው ሕዝብ በአስር ሺዎች እየሆነ ወደ ጫግኒ ሲመጣና ራንች በሚባለው፣ ቀድሞ ከብት ይረባበት በነበረው ቦታ ሲሰፍር መልሱ ተገኘ። ስልክ ስደውል ብርድ ልብሶቹ ወጥተዋል፤ የጎረቤቶቻችንም ወጥተዋል። ባለፈው ጳጉሜን ስቆጥር የቀሩት ሁለት ናቸው። ኮንዶ ከዚያ ዓመት በፊት ወደ ቤታችን መጥታ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምትመክር ስለማውቅ፣ ይህን ማስታወሱ የሒስ ግዴታዬ ነው።

ስለ ወረቀት ያለችው ደግሞ የመጽሐፉ ደካማው ምዕራፍ ነው። መነሻ ሕጓ ሁሉም ይጣል የሚል ነው፤ አሁን የሚሠራበት፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚያስፈልግና ለዘለቄታው መቀመጥ ያለበት ብቻ ይቀራል። በዚህ ሕግ የመሬት ይዞታ ደብተር ይድናል፤ አላጣሁትም። ችግሩ የቀረው ነው። ከራንች መጥታ እናቴ ዘንድ ቡና የምትጠጣ አንዲት ሴት ነበረች። ከቤቷ ይዛ የወጣችው በፌስታል ጠቅልላ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ወረቀት ብቻ ነው። ድንኳኑ ስለሚያንጠባጥብ እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ኋላ ስትወስደው እኔም አጋጥሜ አየሁት፤ ይዞታ ደብተሩ አለበት፤ ከእሱ ጋር የብዙ ዓመት የግብር ደረሰኝ፣ የልጅ የክትባት ካርድ፣ የአንድ ማኅበር መዋጮ የተጻፈበት ደብተር። ማንም ሰው በእጁ አንሥቶ ደስ አሰኘኝ የማይለው ወረቀት ነው። ቤቱ ከሌለ ግን ቤት እንደነበረ የሚናገረው እሱ ነው።

እናቴ ስለዚህች ሴት የምትነግረኝ ሌላም አለ። ድንኳኗን ለማየት በሄደች ጊዜ ደጃፉ ተጠርጎ፣ ውኃ ተረጭቶ፣ ሦስት ጉልቻ በመስመር ተቀምጦ አገኘችው። የሚወገድ ኮተት የሌላት ሴት፣ በአፈር ላይ፣ በየማለዳው የምትጠርገው ምኑን ነው? የቤት መሰናዳት ለመንፈስ ሰላም ይሰጣል የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው ብዬ የማምነው ከኮንዶ ደንበኞች ይልቅ በዚህች ሴት ምክንያት ነው። ሰላሙ ግን የመጣው ዕቃ ከመቀነሱ አልነበረም፤ በዚያች ሁለት ሜትር መሬት ላይ የምታዘው እሷ በመሆኗ ነበር።

ታዲያ ኮንዶ ለጫግኒ አትረባም ለማለት አይደለም። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ ለነዳያን ወይም ለቅርብ ሰው ይሰጣል፤ የእሱም አብዛኛው ተሰጥቷል። ኮቱን፣ ጫማውንና ሬዲዮውን ግን እናቴ ትንሿ ክፍል አስገብታ ዘጋችባቸው። ከዚያ የተሰበረ ወንበር ተጨመረ፤ ቀጥሎ የቡና ጆንያ፣ የቆርቆሮ ትርፍራፊ፤ በመጨረሻ በሩ መከፈት አቃተው። ኮተት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ልንነካው ያልቻልነው አንድ ነገር አለ፤ ሌላው እላዩ ላይ ይከመራል። «በሩን ባየሁ ቁጥር ይከብደኛል» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ወንበሩ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

የትዝታ ዕቃ መጨረሻ ላይ ይሁን የሚለው የኮንዶ ምክር ብልህ ነው። ጓዳውን ሁለት ቀን ስናገላብጥ የእናቴ እጅ መወሰን ለመደ፤ ይህ ለእገሌ፣ ይህ ለእሳት፣ ይህ ይቆይ። በሦስተኛው ቀን በሩን ገፋነው። ኮቱን ከአባቴ ጋር ገበያ ይውል ለነበረ ጎረቤት ሰጠችው። ጫማው ብል በልቶት ነበር። ሬዲዮው አይሠራም፤ ቀረ። ለምን እንዲቀር እንደፈለገች አልጠየቅኋትም። መስኮቱ ተከፈተ፤ አሁን የምትተኛው እዚያ ነው።

ይህን በላቦራቶሪ ያረጋገጠልኝ የለም። የተመረመረ ነገር የሚፈልግ አንባቢ ግን ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ሬፔቲ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡትን ጥናት ያንብብ። በሎስ አንጀለስ 60 ባለትዳሮችን፣ ባልም ሚስትም ሥራ ያላቸውን፣ ቤታቸውን በቪዲዮ እየቀረጹ እንዲያስጎበኙ አደረጉ፤ ንግግራቸውን መዘገቡ፤ ምራቃቸውንም ወስደው ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለኩ። ስለ ቤታቸው ሲናገሩ «ዝብርቅርቅ» እና «ያላለቀ» የሚል ቃል የሚያበዙ ሚስቶች ሆርሞናቸው በቀኑ ውስጥ እንደሚገባው አልወረደም፤ ወደ ማታም ስሜታቸው የባሰ ይከፋ ነበር። በባሎች ላይ ግን ተመሳሳይ ነገር አልታየም።

እኔን የያዘኝ «ያላለቀ» የሚለው ቃል ነው። ሰውን የሚያስጨንቀው የዕቃው ቁጥር ብቻ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ዕቃ «መቼ ነው የምትጠግኚኝ፣ መቼ ነው የምታጥቢኝ» እያለ የሚጣራ ከሆነ፣ ጥሪውም ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ነው ጭንቀቱ። ባሎቹ በዚያው ቤት፣ በዚያው ኮተት መካከል ይኖራሉ፤ ዕቃው ግን እነሱን አይጣራም። ኮንዶ ይህን ጉዳይ አታነሣውም ማለት ይቻላል። በእሷ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ከዕቃው ጋር ብቻውን ነው። እኔም ብሆን መጽሐፍ ይዤ ሄጄ «ይህ ደስ ያሰኝሻል?» ስል የዋልሁት ማን ያነሣዋል፣ ማን ያጥበዋል፣ ማን ይመልሰዋል ብዬ ሳልጠይቅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሴት ነው፤ ከቆጡ ሥር ቆሞ «አውርጂ» የሚለውን ተረቱ አይጠቅሰውም።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ቡፌ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጣ ያየ ሰው፣ አራት ሰው ተሸክሞት በመታጠፊያው ላይ ሲቀረቀር ያየ፣ ኮንዶን ቶሎ ይረዳታል። እዚህ የሚከመረው ቅልና ሰፌድ አይደለም፤ የተበላሸ ቻርጀር፣ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከሳልቫጅ የተገዛ አንዴም ያልተለበሰ ጃኬት ነው። ይህን ደስ ያሰኘኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ መጀመሪያውኑ ለደስታ ነበርና የተገዛው። ማስወገጃውም አይጠፋም። ቆራሌው በየደጃፉ ይጮኻል፤ ምናለሽ ተራ የማይቀበለው ብረት የለም፤ ልዋጭ ባዩም አሮጌ ኮት ወስዶ አዲስ ሳፋ ይሰጥዎታል፤ በዚህም ኮተትዎ ቅርጹን ብቻ ይለውጣል።

ኮንዶ ራሷ ከመጽሐፏ በኋላ ሁለት ነገር ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በኢንተርኔት የቤት ዕቃ መሸጫ ከፈተች። ጣሉ ያለችን ሴት ግዙ አለችን ብለው ብዙዎች ወቀሷት፤ ወቀሳው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ቤቷ እንደ ድሮው የተስተካከለ እንዳልሆነና ከልጆቿ ጋር የምታሳልፈውን ጊዜ እንዳስቀደመች ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ተናገረች። ዓለም በዚህም ሳቀባት። በበኩሌ መጽሐፏ ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ ይህ፣ ያልተጻፈው፣ ይሻለኛል። ቢጻፍ ኖሮ እናቴ ያለ አስተርጓሚ በተግባባቻት ነበር።

ለአንባቢ የምለው፣ የልብሱንና የትዝታ ዕቃውን ምዕራፍ ያንብቡ፤ የወረቀቱን ይዝለሉት። ስለ መጻሕፍት የተጻፈውን ሲያነቡ ይጠንቀቁ፤ ደራሲዋ በአንድ ወቅት የወደደቻቸውን ገጾች ከመጽሐፍ እየቀደደች ታስቀምጥ እንደነበር ያለ ኀፍረት ትነግረናለች።

በጥቅምት ሰኞ ማታ እናቴ ደወለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅና የሲኒ መንቋቋት ይሰማል።

«እንግዳ መጥቶብኛል» አለችኝ። «ስድስቱን ብርጭቆ የት አስቀመጥህብኝ?»