ከተርሚናሉ በፊት ተዳፋቱ

በቀደም ከወልድያ የመጣ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ አዲሱን የቢሾፍቱ ኤርፖርት ለፍላይት ሲሙሌተር እየሠራሁት ነው፤ ጣሪያው ግን እምቢ አለኝ። ብሌንደር ላይ እንዴት አድርጌ ላጉብጠው?» አለኝ። የዛሃ ሐዲድ አርክቴክቶች የነደፉትን ተርሚናል በምስል አይቶ ልቡ ተሰርቋል። አልፈርድበትም፣ ያምራል። «መሬቱንስ ምን አደረግኸው?» ብለው፣ «መሬቱማ ሜዳ ነው» አለ።

የዚህ ሥራ ጠንቅ እዚህ ላይ ነው። ሲነሪ፣ ማለትም የሲሙሌተሩን መልክዓ ምድር፣ የሚሠራው ሁሉ ከሕንፃ ይጀምርና መሬቱን ደልድሎ ያልፈዋል። ኤክስ-ፕሌን በተባለው ሲሙሌተር ላይ ለዚሁ የተዘጋጀች ምልክት አለች፤ አንዴ ከነኳት ኤርፖርቱን በሙሉ ጠፍጣፋ ታደርገዋለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ከዚች ምልክት ጋር ተቆራኝቷል። የሳተላይት ፎቶ ያነጥፋል፣ ይደለድላል፣ በአንድ ሌሊት ኤርፖርት ያወጣል። «ከላይ ማን ያየዋል?» ይለኛል።

አብራሪው ያየዋል! በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የትልልቅ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 1 በመቶ ሊያዘቀዝቅ ይችላል። የቦሌን ያህል፣ 3,800 ሜትር በሚረዝም ማኮብኮቢያ ይህ እስከ 38 ሜትር ይደርሳል፤ ከአሥር ፎቅ አያንስም። ዳገታማ ማኮብኮቢያ ከፊቱ የተዘረጋበት አብራሪ ከፍ ብዬ መጣሁ ብሎ ይታለልና ከሚገባው በላይ ዝቅ ይላል። ይህን መታለል ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካልተለማመደው የት ሊለማመደው ነው? የተደለደለ ሲነሪ ዓይን ያበላሻል ባይ ነኝ። ወዳጄ እስከ ዛሬ አልተረታልኝም።

ለመሆኑ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ለምን አስፈለገ? ልደታ የነበረው ማረፊያ ለጄት አጠረና በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ሲመጣ ተራው የቦሌ ሆነ። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ሙሉ ጭነትና ነዳጅ ይዞ መነሣት ፈተና ነው። አዲሱ ኤርፖርት የሚሠራበት አቡሴራ ከዚያ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከዳር አል-ሃንዳሳህ ኩባንያ ጋር የዲዛይን ውል ሲፈራረምም፣ ጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው ሲጀመርም ወሬው ሁሉ ስለ ተርሚናሉና ስለ መንገደኛው ብዛት ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ያ 400 ሜትር ነው። ጣሪያውን አሳምሮ ከፍታውን የሳተ ሰው አውሮፕላኑን በሌላ አገር አየር እያስነሣ ነው።

ብዙዎቻችን የምንነሣበት የከፍታ መረጃ ደግሞ የካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በራዳር የለካችው ነው፤ በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር። ለአቡሴራ ይህ መረጃ ሀብት ነው፤ ዶዘር ሳይገባበት፣ ገበሬው ሳይነሣ የነበረውን መሬት ይዟል። የሳተላይት ፎቶው ግን እየታደሰ ይሄዳል። አዲስ ፎቶ በአሮጌ መሬት ላይ ሲነጠፍ፣ የተቆረጠው ጉብታ ፎቶው ላይ የለም፣ ከሥሩ ግን እንዳለ ነው። መኪናው ሽቅብ ሲሄድ ታየዋለህ፤ ለምን እንደሚወጣ ግን አይገባህም። ይህን የሚያስታርቅ ፕሮግራም አላገኘሁም። በእጅ፣ ነጥብ በነጥብ ነው።

ግትርነቴ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ያደግሁባት ቆቦ ኤርፖርት የላትም፤ ወደ ላሊበላ ተራራ መሻገር ነው፣ ወይ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ። ቆላው ራያ ግን የተዳፋት ትምህርት ቤት ነው። ክረምት ከምዕራቡ ገደል የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ የሚያሳድር ገበሬ፣ እኛ በኮምፒውተር የማናየውን ዝንባሌ በዓይኑ ይለካል። አባቴ ሆርማት ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ውሃው ገና ሳይመጣ የት እንደሚተኛ ይነግረን ነበር። እኔ የራያን ሸለቆ ለሲሙሌተር ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት ያንን ዝንባሌ ለማግኘት ነው፤ የዞብልን ተራራ በምሥራቅ፣ ገደሉን በምዕራብ፣ የጎሊናን ወንዝ ወደ አፋር ስትወርድ። ራዳሩ በገደሉ ጥላ ውስጥ የሳተውን ከልጅነት እግሬ ትዝታ ሞላሁት። ለዚህ ማንም አያመሰግንህም፤ አውሮፕላኑ በሁለት ደቂቃ አልፎት ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ቀለሙ ነው። የሳተላይት ፎቶ የሚመረጠው ደመና ከሌለበት ቀን ነው፤ ያ ማለት በጋ ነው። ስለዚህ በሲሙሌተር ዓለም ራያ ዘወትር ደረቅ፣ ዘወትር አመድማ ነው። በሐምሌም ብትበር፣ በመስከረምም ብትበር ያው ነው። ማሽላው ሰው ውጦ የሚቆምባትን አገር የማያውቅ ሰው ድርቅ ብቻ አይቶ ያልፋል። ቢሾፍቱም ዙሪያው የጤፍ መሬት ነው፤ በጥቅምት ያልቀባው ሰው የዝቋላን ተራራ ከየትኛው አረንጓዴ ላይ ሊያቆመው ነው? እኔ ለራያ የክረምቱን ጨርሼ የጥቅምቱን ይዣለሁ። ማሽላው የሚቀላው በየማሳው በተለያየ ቀን ስለሆነ አንድ ቀለም ቀብቶ መሄድ አይቻልም፤ በዋጃ በኩል ያለውን ከጨረስኩ በኋላ በሮቢት በኩል ያለው ይቀረኛል።